ገሎቹ ከዝናብ የወጡበት ቀን

መጽሐፉ የደረሰው ሐሙስ ነው። ጋሽ አንጁሎ የተቀበሩት ማክሰኞ።

ካርቶኑ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ መጥቶ፣ ሶዶ መነኸሪያ ዕቃ ማስረከቢያው ውስጥ በአንድ ጆንያ ሽንኩርትና በአንድ አሮጌ ጎማ መካከል ተቀምጦ አገኘሁት። አስረካቢው ሰውዬ ሲያነሳው አቃሰተና ብረት ነው እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፍ ነው አልኩት። ፈርሜ ተቀበልኩና በባጃጅ ወደ ቢሮ ስመለስ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ነጂው በመስታወቱ አየኝና ሙዚቃውን ዘጋው። ሰባት ዓመት የተጠበቀ መጽሐፍ በሁለት ቀን ተቀደመ። እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። የዚያን ቀን ግን የምቆጣው ሰው አጣሁ። አውቶቡሱን ልቆጣ? ማተሚያ ቤቱን? እሳቸውን?

እሳቸውንማ ተቆጥቻቸው ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ ይህን የምጽፈውም ያ ቁጣዬ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

የምሠራው የአገራችንን የአርኪዮሎጂ ጥናት ቅጽ በቅጽ እያደረገ በመጽሐፍ በሚያሳትም ተቋም ውስጥ ነው። ዋና አዘጋጁ፣ ሁላችንም ፕሮፌሰሩ የምንላቸው፣ አዲስ አበባ ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ቅጽ ሁምቦ ቆላ ውስጥ፣ አንድ ኮረብታ ወገብ ላይ ካለ ዋሻ የተቆፈረውን የሚመለከት ስለሆነ፣ የተገኘው ዕቃ ሁሉ ወደ ሶዶዋ ጠባብ ቢሯችን መጣ። እኔም ጽሑፉን እንዳርም ተላክሁ። ለስድስት ወር ነበር። እናቴ ደሴ ሆና ሻንጣዬን ስታዘጋጅ ሁለት ሹራብ ይበቃሻል ብላኝ ነበር። ይኸው ዘጠነኛ ዓመቴ ነው፤ ሹራቦቹም አልቀዋል።

የጋሽ አንጁሎ የሥራ መደብ «ቴክኒሻን» ይላል። ቃሉ ምንም አይናገርም። ከዋሻው የወጣውን የሸክላ ገል ሁሉ አንድ በአንድ የሚያጥቡት እሳቸው ነበሩ። አጥበው ያደርቃሉ፤ ሲደርቅ በቀጭን ብዕር ቁጥሩን ጀርባው ላይ ይጽፋሉ፤ ከዚያ በነጠብጣብ ይስሉታል። አንዲት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ገል ለመሳል ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። ከነጭ ጋዋናቸው ኪስ የጥርስ ብሩሽ አይጠፋም። የመጣሁ ሰሞን ብሩሹን አይቼ እንዴት ያለ ንጹሕ ሽማግሌ ነው ብዬ አድንቄ ነበር፤ በማግስቱ በዚያው ብሩሽ ጭቃ ሲፈገፍጉ አገኘኋቸው።

በወጣትነታቸው ዲምቱ ውስጥ መምህር ነበሩ፤ የመምህርነት ጠባያቸው አልለቀቃቸውም። አማርኛን የተማሩት በትምህርት ቤት ስለሆነ ለወንድም ለሴትም «ና» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ደሜ ይፈላ ነበር። እያደር ግን ለመድኩትና አንድ ቀን ተጠንቅቀው «ነይ» ቢሉኝ ምን አጠፋሁ ብዬ ደነገጥኩ።

አንድ መሳቢያ ነበራቸው፤ ውስጡ «አይታወቅም» የሚል ወረቀት የታሰረባቸው ትንንሽ ከረጢቶች ሞልተውታል። ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ ያልተረጋገጠ ገል ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው። ወጣት ተመራማሪዎች ይህን መሳቢያ አይወዱትም። እባክዎ ከአፈሩ ቀለም ይገምቱልን ብለው ይለምኗቸዋል። እሳቸው ብሩሻቸውን ኪሳቸው ይከቱና፣ ገምቶ ከመጻፍ አይታወቅም ብሎ መጻፍ ይሻላል ይላሉ። ሌላም አባባል ነበራቸው፦ «ገል አይዋሽም። የሚዋሸው ከረጢቱ ላይ ያለው ወረቀት ነው።» ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። እየቀለድኩባቸው ከሳቸው ቀድሜ እጨርሰው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ጠሩኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ትዕግስት ቦይና ቀቅላ በዳጣ አቀረበችልን። ቦይና ለማያውቅ፣ ድንች የሚመስል የመሬት ውስጥ ሥር ነው፤ ዳጣው ደግሞ ከደሴ የመጣ ሰው የሚያለቅስበት በርበሬ ነው። እንባዬን እየጠረግሁ ቀና ስል ግድግዳው ላይ መደርደሪያቸውን አየሁት። መጽሐፍ ቅዱስ፣ የመዝሙር መጽሐፍ፣ የእኛ አንደኛና ሁለተኛ ቅጽ፣ ከዚያ ባዶ ክፍተት፣ ከክፍተቱ ወዲያ መዝገበ ቃላት። ክፍተቱ የሦስተኛው ቅጽ ነበር። ገጹን ቆጥረው፣ የወረቀቱን ውፍረት አባዝተው፣ በማስመሪያ ለክተው ነው የተዉት። ትዕግስት አንዴ የፕላስቲክ አበባ ብታስቀምጥበት አንስተው መስኮቱ ላይ አድርገውታል። እኔም ሳቅኩባቸው። እሳቸው አብረውኝ ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን ክፍተቱ ላይ ነበር።

በሦስተኛው ቅጽ ውስጥ ያለው ሥዕል በሙሉ የሳቸው ነው። ስማቸው ግን የትም አልነበረም። የተቋሙ ደንብ ሥዕል ሳይፈረም ይወጣል ይላል፤ ምስጋናውም «ለቴክኒክ ሠራተኞች በሙሉ» በሚል አንድ መስመር ያልቃል። ተናድጄ ለአዲስ አበባ ደብዳቤ ልጽፍ ስነሳ እጄን ያዙኝ። ነጠብጣቤን እኔ አውቀዋለሁ፣ ይበቃኛል አሉ። ያኔ ልባቸው መድከም ጀምሮ ነበር፤ ኦቶና ሆስፒታል ሐኪሙ ደረጃ እንዳይወጡ፣ እንዳይደክሙ ነግሯቸዋል። ስለ በሽታው አያወሩም። መጽሐፉ መቼ ይደርሳል የሚለውን ግን በየሳምንቱ ይጠይቁኝ ነበር።

ከዚያ የማረሚያው ቅጂ ከማተሚያ ቤት መጣ። ይህ ማለት መጽሐፉ ሊታተም አንድ እርምጃ ቀርቶታል ማለት ነው። እርማቱን የምንሠራው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔ ዋናውን ጽሑፍ ከነሥርዓተ ነጥቡ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፣ እሳቸው የታተመውን በማስመሪያ መስመር በመስመር ይከተላሉ። አምስት ምዕራፍ እንዲህ አድርገን ጨረስን። ስድስተኛው የፕሮፌሰሩ ምዕራፍ ነው፤ ቅጹ በሙሉ የሚኮራበት። ነገሩ ስለ አንዲት ገል ነበር። የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ ጭረት አለባት። እንዲህ ያለው ጭረት በኋለኛው ዘመን ሸክላ ላይ ነው የሚታወቀው፤ ይህቺ ግን የወጣችው ከታችኛው፣ ከአምስተኛው ንብርብር ነው ይላል ጽሑፉ። ስለዚህ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ሸክላ መሠራት የጀመረው እስከዛሬ ከሚታሰበው እጅግ ቀድሞ ነው። ደስ እያለኝ ሳነብ የማስመሪያው ድምፅ ቆመ።

«ይሄን አታንብብ፣ እህቴ» አሉኝ።

የፊደል ስህተት መስሎኝ የቱ ጋ ነው አልኳቸው። ማስመሪያውን በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠርገውት ሲጨርሱ እንደገና ጠረጉት። ከዚያ ነገሩኝ።

ቁፋሮው ያለቀው ክረምት ሊገባ ሲል ነበር። የቢሮው መጋዘን ጨለማና እርጥብ ስለሆነ የታጠበው ገል አልደርቅ አለ፤ ስለዚህ አስፈቅደው ቤታቸው ወስደው ግቢ ውስጥ አሰጡት። ለያንዳንዱ ንብርብር አንድ የእንሰት ቅጠል ዘርግተው፣ ገሉን በላዩ ደርድረው፣ የንብርብሩን ቁጥር የያዘውን ወረቀት በቅጠሉ ራስ ላይ በጠጠር አስይዘው። የላይኛዎቹ ደርቀው ገብተዋል። አራተኛውና አምስተኛው ቅጠል ላይ እንዳሉ የሰፈር ሰው ሞተና ቀብር ሄዱ። ቀብር የማይቀርበት ነገር ነው።

እሳቸው ቀብር ላይ ሳሉ ዝናብ ወረደ። እዚህ አገር ዝናብ ሲመጣ የጎረቤት በቆሎ ተሰጥቶ ያየ ሰው ባለቤቱን አይጠብቅም፤ የራሱን ትቶም ቢሆን ሮጦ ያስገባል። ያላስገባ ዓመቱን ሙሉ ሲታማ ይኖራል። አጥር የሚጋሩት ጎረቤታቸው እማማ አስቴር ታመው ቀብር ቀርተው ነበር። ከአልጋቸው ተነሥተው፣ በዚያ ዝናብ ውስጥ ሮጠው፣ የሁለቱንም ቅጠል ገል አንዲት ሳትቀር ለቅመው በአንድ ቅርጫት ከነወረቀቱ አስገቡላቸው። ጋሽ አንጁሎ ሲመለሱ እማማ አስቴር በረንዳው ላይ ቅርጫቱን አቅፈው፣ ውሃ እየተንጠባጠቡ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ይጠብቋቸዋል። አንዲትም አልረጠበችብህም አሏቸው። እሳቸውም «ጦሳይ አንጆ» አሉ። እግዜር ይባርክሽ ማለት ነው። ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ ቁጭ ብለው ለዩት። አብዛኛውን አውቀውታል፤ ሲያጥቡት እጃቸው ለምዶታል። ጥቂቶቹን ግን አላወቋቸውም። አይታወቅም ብለው መሳቢያው ውስጥ ቢከቱ ፕሮፌሰሩ ለምን ብለው ይጠይቃሉ፤ ከተጠየቁ የእማማ አስቴር ነገር ይወጣል፣ ደግነታቸውም ጥፋት ይባላል። ስለዚህ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ገመቱ። ጭረት ያለባትን ገል ከአምስተኛው ጋር አደረጓት። አንዲት ተራ ገል ናት ብለው ነበር። ምዕራፍ ይሠራባታል ብለው አላሰቡም።

ያን ጊዜ እኔ ያልኩትን ባልጽፈው በወደድኩ። ሆድ ይፍጀው አልኳቸው። መጽሐፉ ሊታተም ነው፣ ይህን ያህል ዓመት ለፍተንበታል፣ አሁን ምዕራፉ ከተነሳ ቅጹ በሙሉ ወደ ኋላ ይመለሳል አልኩ። ያላሰብኩትንም ጨመርኩ፤ እርስዎ ደግሞ ጤናዎ እንዲህ ነው፣ ሳያዩት ቢቀሩስ አልኳቸው። ዝምታቸው አናደደኝና፣ ይህን የሚያውቁት እርስዎና እማማ አስቴር ብቻ ናችሁ፣ እማማ አስቴር ደግሞ ማንበብ አይችሉም አልኩ።

«እኔ ማንበብ እችላለሁ» አሉኝ።

ለፕሮፌሰሩ ደብዳቤውን ራሳቸው ጻፉ። ፕሮፌሰሩ በሳምንቱ በመኪና መጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ገሎቹን ጠረጴዛ ላይ አፍስሰው በማጉያ መነጽር አዩ፤ በሁለተኛው ቀን ማታ መነጽራቸውን አስቀመጡና ሊለዩ አይችሉም አሉ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። እሳቸውም የሚያሳዝን ነገር ነበራቸው፤ በዚያች ገል ስንት ስብሰባ ላይ ተናግረዋል። ግን ሐቀኛ ሰው ናቸው፤ ምዕራፉን አነሳዋለሁ፣ ቅጹም እንደገና ለገምጋሚዎች ይሄዳል አሉ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለምን ያኔ እንዳልነገሯቸው። ጋሽ አንጁሎ ለራሴም ፈርቼ ነው አሉ። ሌላ ሰበብ አላቀረቡም።

ክርክር የተነሳው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ስህተቱ በሚገባው ማስታወሻ ላይ ነው። ፕሮፌሰሩ፣ ለሽማግሌው ክብር ብለው መሰለኝ፣ «የአራተኛውና የአምስተኛው ንብርብር ግኝቶች ከቁፋሮ በኋላ ተቀላቅለዋል» ብለን እንለፈው አሉ። ጋሽ አንጁሎ እንቢ አሉ። ስም ከሌለበት የሁምቦ ቆፋሪዎች ናቸው ያበላሹት ይባላል፤ የኔ ስም ይግባ አሉ። እሺ፣ ዝናብ መጥቶ ነው ብለን እናስረዳ አሉ ፕሮፌሰሩ። «ዝናብም አይጻፍ» አሉ ጋሽ አንጁሎ። «ዝናብ ከተጻፈ፣ ማን አስገባው ይባላል።»

ምዕራፉ ከቅጹ ተነሳ። ገምጋሚ ለገምጋሚ ሲተላለፍ ዓመታት ሄዱ፤ አራተኛው ቅጽ ሦስተኛውን ቀድሞ ታተመ። እኔ ለሦስት ወር ያህል ከሰላምታ ያለፈ ቃል ሳልተነፍስላቸው ቀረሁ። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነበር። እሳቸው ነጠብጣባቸውን ይነጠብጣሉ፣ እኔ ወረቀቴን አገላብጣለሁ። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ዳጣ አስቀምጠውልኝ አገኘሁ። ቀምሼ አለቀስኩና በዚያው ታረቅን። ያቺ ሦስት ወር ግን ዛሬ እዳዬ ናት፤ ማን ይመልስልኛል?

ጡረታ ከወጡ በኋላ በየገበያው ቀን ቢሮ ብቅ ይላሉ። በሩ ላይ ቆመው «ደረሰ?» ይሉኛል። በመንገድ ላይ ነው እላቸዋለሁ። መንገድ ላይ እንዳልሆነ እሳቸውም ያውቁ ነበር። ኋላ እግራቸው አብጦ መምጣት ሲያቅታቸው እኔ መሄድ ጀመርኩ፤ በመጨረሻም ኦቶና አልጋ ያዙ። መጨረሻ ያየኋቸው ዕለት ማተሚያ ማሽኑ ላይ ወጥቷል፣ በዚህ ሳምንት ይጫናል ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ይደሰታሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እጄን ያዙና ሌላ ነገር ተናገሩ።

«አስቴር እንዳትሰማ። ቃል ስጠኝ።»

ሰጠኋቸው። እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ትዕግስት ደወለች።

ሐሙስ ከሰዓት አንድ ቅጂ ይዤ ልቅሶ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ አልፈረሰም፤ ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ዝግ ባለ ድምፅ ይጫወታሉ። ትዕግስት መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላ አገላበጠችው፤ የአባቷ ነጠብጣቦች ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ይዛኝ ሄደች። ክፍተቱ እንዳለ ነበር፤ አቧራ እንኳ አልነበረበትም። መጽሐፉን ከተትኩት። አልሞላውም። እሳቸው የለኩት ምዕራፉ ሳይነሳ ነበር፤ የታተመው ቀጠን ብሏል። ዘንበል ብሎ መዝገበ ቃላቱን ተደገፈ። ሁለታችንም ቆመን አየነው፤ ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም።

«የአንጁሎ መጽሐፍ ይሄ ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላችን ሰማን። እማማ አስቴር ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ገቡ። አዎ አልናቸው። ወንበር ስበን አስቀመጥናቸው፤ መጽሐፉን አወጣሁና ጉልበታቸው ላይ አደረግሁላቸው። ሽፋኑን በመዳፋቸው ዳበሱት። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አሳየኋቸው፤ ይሄን ሁሉ እሱ ነው የሠራው? አሉ። ከዚያ እኔ የፈራሁትን ጠየቁ፤ ስሙ የታለ፣ አሳዪኝ አሉ።

ስማቸው በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ያለው አንድ ቦታ ነው። ገለጥኩት። ጣታቸውን ይዤ ስሙ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከጣታቸው በታች የሚለው ይህ ነው፦ «ግኝቶቹን ያጠቡትና ያደረቁት አቶ አንጁሎ ሲሆኑ፣ የአራተኛውና የአምስተኛው ንብርብር ግኝቶች የተቀላቀሉት በእሳቸው እጅ ነው።»

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ገሎቹን ያጠቡትና ያደረቁት አቶ አንጁሎ ናቸው ይላል» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ብሏቸው ነበር። «እውነት ነው፤ እዚሁ ግቢ ነው ያደረቀው» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ እንደማፈር ብለው ወደኔ ጠጋ አሉ። «እኔም አንድ ቀን ከዝናብ አውጥቼለታለሁ። አሞኝ ነበር፣ ተነሥቼ ነው። ይሄ ተጽፏል?»

ትዕግስት ቀና ብላ አየችኝ። እሷም አታውቅም።

«አልተጻፈም፣ እማማ።»

ውጭ ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናቡ መዘግየት ያወራሉ።

«ይሁን። ብዙ ሥራ ነበረበት» አሉ እማማ አስቴር። «ረስቶት ነው።»

አንድ ቀንም ሳይረሱት እንደኖሩ፣ እርስዎን ላለማንሳት ሲሉ ይህን መጽሐፍ ሳያዩ እንደሞቱ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ቃል ባልሰጥ ኖሮ እናገረው ነበር።

«አዎ፣ ረስተውት ይሆናል» አልኳቸው።

እማማ አስቴር ጣታቸውን ከስሙ ላይ አላነሱም። ጎንበስ ብለው፣ ሰውዬው ፊታቸው እንደተቀመጠ ሁሉ ቀስ ብለው፣ «ጦሳይ አንጆ» አሉት።